ዋዛ ያልሆነው ዋዛ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ መንገድ ላውጋችሁ። ወደ ምዕራብ ነው የምወስዳችሁ፤ ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ወለጋን አቋርጠን፣ ዳቡስን ተሻግረን አሶሳ እስክንገባ። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እግር እንጂ ጆሮ አይደክምበትም።

በእኛ አማርኛ «ዋዛ» ስንል ቀልድ ማለታችን ነው። «ዋዛ ፈዛዛ» እንላለን፤ «እንደ ዋዛ አለፈ» እንላለን። አሶሳ አካባቢ በሚኖሩት በርታዎች ዘንድ ግን ዋዛ ሌላ ነገር ነው። ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አዝመራው ሲደርስ የሚነፋ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ የሚከበው። አንዱ ቃል እዚህ ቧልት፣ እዚያ ክብር ሆኖ መገኘቱ ሁልጊዜም ይገርመኛል። እኔም በኅዳር 2007 ዓ.ም. ሻንጣዬን ያነሳሁት ይህንን ዋዛ በጆሮዬ ለመስማት ነበር።

የዚያ ዓመት ኅዳር 29 ቀን ዘጠነኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የሚከበረው አሶሳ ነበር። ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ከበሮው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ እምቢልታው ሁሉ ወደዚያች የዳር አገር ከተማ እየተጫነ ይጎርፍ ነበር። ብዙው እንግዳ በአየር ሄደ። እኔን አንድ ሽማግሌ ወዳጄ፣ «ዘፈን ልትሰማ ስትሄድ አገሩን ዘለህ አትሂድ። ዘፈኑ የወጣው ከመንገዱ ነው» አሉኝ። ቃላቸውን ሰምቼ በአውቶቡስ ሄድኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

*

መንገዱ ከየት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? ከሸጎሌ።

ሸጎሌን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በጉለሌ በኩል ወደ አስኮ ሲኬድ ያለው ሰፈር ነው። ስሙ ግን የመጣው ከአሶሳ ነው። ሸጎሌ ማለት ሼህ ሆጀሌ ማለት ነው፤ ስሙ በሰው አፍ ሲመላለስ ለዝቦ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር ተሽከርክሮ ሸጎሌ ሆነ። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዥ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘምተው አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ፣ ሼሁ ወርቅ እየገበሩ በአገራቸው ላይ ሥልጣን ይዘው ኖሩ። በዋና ከተማውም ቤት ሠሩ። ሰፈሩ ስማቸውን ያዘ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀም።

ታሪክ ሲነገር ግማሹ አይዋጥም። የዚያ ዘመን ሀብት ወርቅ ብቻ አልነበረም። በዚያ ድንበር ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር፤ ከደካማው ወገን ልጅ እየተነጠቀ ወደ ገበያ ይነዳ ነበር። ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው ይህንን በልቡ ይዞ ይሂድ። ወደ ፊት በምነግራችሁ ቦታ ላይ ይጠቅመናል።

አውቶቡሳችን ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ሆለታን አልፈን 55ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ ዓለም ደረስን። እዚህች ኮረብታ ላይ ምኒልክ አዲስ ዋና ከተማ ሊቆረቁሩ ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነዋሪው ተቸግሮ ነበርና ቤተ መንግሥቱ እዚህ መሠራት ጀመረ። በኋላ ግን ባሕር ዛፍ ደረሰ። ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ከመፈታት አዳናት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ደግሞ ለማርያም ተሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ቆም ብላችሁ ግቡና እዩት። ዋና ከተማ ሊሆን ተነስቶ ደብር የሆነ ኮረብታ ሌላ የት ይገኛል?

ቀጥሎ አምቦ ነው። ጤፉ በዚያ ወር ወርቅ መስሎ ይተኛል። አምቦ ስትባሉ ውኃው ይታወሳችኋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ አገር ያዳረሰው፣ ከመሬት ሲወጣ ራሱ የሚፈላው ውኃ። እኔን ግን አምቦ የሚያስታውሰኝ ድምፅ ነው። ገጣሚው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ባለችው በቦዳ ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነው። እኛ ያን ቀን ስናልፍ ሃጫሉ በሕይወት ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ድምፁ ሲሰማ ወጣቶቹ በትከሻቸው ይቀበሉት ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ፤ የተቀበረውም አምቦ ነው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ለአንድ አፍታ ዝም ቢል አይበዛበትም።

ጊዜ ያለው ሰው ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወንጪን ይያት። በድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛች ሐይቅ ናት፤ በመካከሏ ደሴት፣ በደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። እኔ ያን ቀን ጊዜ አልነበረኝምና በጉደር ድልድይ ላይ ሆኜ ወንዙን ብቻ አይቼ አለፍኩ። ጌዶ፣ ባኮ፣ ሲሬ፤ የበቆሎ አገር ነው፤ ዓይን ይጠግባል።

*

ነቀምቴ አደርን። ያኔ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በሌሊት አይጓዝም ነበርና ሲመሽ ያለበት ያድራል። ይህ ለመንገደኛው በረከት ነበር፤ የማያውቀውን ከተማ ሳይወድ በግድ ያይ ነበርና።

ነቀምቴ ሁለት ነገር አላት። አንዱ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። ኩምሳ የለቃ ነቀምቴ ገዥ ነበሩ፤ ሲጠመቁ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ግቢው በእንጨት የተዋቀሩ ቤቶች ያሉበት ነው፤ የወለሉ ጣውላ በእግር ሲረገጥ ይንቋቋል። ሁለተኛው የወለጋ ሙዚየም ነው፤ የኦሮሞ ቤት ዕቃ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ጌጥ ተሰብስቦ ተቀምጦበታል።

ነቀምቴ ላይ ሌላም የማይታይ ነገር አለ፤ ለእርሱ ነው ያደርኩት። ኦነሲሞስ ነሲብ ያረፉት እዚህ ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ.። በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ ሰው ናቸው። ነፃ ወጥተው ተማሩና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከጎናቸው አስቴር ጋኖ ነበረች። እርሷም በባርነት የተነዳች ልጅ ነበረች። የአስቴርን ሥራ ስሙኝ፦ የሕዝቧን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን በመቶዎች ከአእምሮዋ እያወጣች በጽሑፍ አሰፈረች። ከአገሯ ርቃ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ እናቶቿ የዘፈኑትን አልረሳችም። ሰውን ከቀየው ነጥቀው ይሸጡታል፤ ዘፈኑን ግን መሸጥ አልቻሉም።

ይህንን እያሰላሰልኩ አደርኩ።

*

በማግስቱ ወደ ዴዴሳ ወረድን። ከነቀምቴ ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ምድሩ ይከፈታል። ደጋው ያልቅና ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል። ዴዴሳ ወደ ዓባይ ከሚገቡት ታላላቅ ገባሮች አንዱ ነው። ሸለቆው ሰፊ፣ ሣሩ ረጅም፣ ድልድዩ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ ሞቃት ነው። ወዲያ ማዶ ዳገቱን ስትወጡ ጊምቢ ትቀበላችኋለች፤ የቡና አገር። በኅዳር የቡናው ፍሬ ቀልቶ ይለቀማል፤ በየደጁ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ዓለም «ነቀምት ቡና» ብሎ የሚገዛው ከዚህ ከወለጋ የሚሄደውን ነው። በጠዋት ከጊምቢ ሴት እጅ የጠጣሁት ስኒ እስከ ዳቡስ ድረስ ከምላሴ አልወጣም።

ነጆ የወርቅ አገር ነው፤ መንዲ ገበያ ነው። ኑጉ በየሜዳው ቢጫ ሆኖ የአበባ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከዚያ ዳቡስ። ዳቡስን ስትሻገሩ የአየሩ ጠባይ፣ የቤቱ አሠራር፣ የሴቶቹ አለባበስ ይቀየራል። ቀርከሃው ይጀምራል።

ስለ ቀርከሃው ጥቂት ልበል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው። አጥሩ፣ ግድግዳው፣ አልጋው፣ ምንጣፉ፣ መሰላሉ ከእርሱ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለው ቡቃያ ተቀቅሎ ይበላል። ይህ የቆላ ቀርከሃ ለአሥርት ዓመታት ሳያብብ ይኖራል፤ አንድ ቀን ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። በአንድ ቦታ ያለው ጫካ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ ነው የሚያብበው። የአገሩ ሰው ቀርከሃ ሲያብብ ቢያይ እንደ እኛ በአበባ አይደሰትም፤ አጥሩንና አልጋውን ያስባል።

ባምባሲ የማኦዎችም አገር ናት። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፤ የክልሉ ነባር ሕዝቦች አምስት ናቸው። ከእነርሱ ጋር ኦሮሞው፣ አማራው፣ አገው አብሮ ይኖራል። በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር የሚጠሩ አምባዎች አሉ፤ አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል እየተባለ። በመንግሥት ሠፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች የቆረቆሯቸው መንደሮች ናቸው። ብዙው ሰው ወዶ አልመጣም፤ የመጣውም ቤት የሠራበት መሬት ባለቤት አልባ አልነበረም። ዛሬ ልጅ ልጆቻቸው እዚያ ተወልደው እዚያ አድገዋል። ለሁለቱም ወገን አገሩ ያው አንድ አገር ነው።

*

አሶሳ ገባን። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በማንጎ ዛፍ የተከበበች ከተማ ናት። ያን ሰሞን እንደ ሙሽራ አጊጣለች። መንገዱ ተጠርጓል፤ ሰዉ ወጥቷል፤ ማደሪያ ጠቦ ብዙ እንግዳ በሰው ቤት ተደልድሎ አድሯል።

በማለዳ ገበያ ወጣሁ። የበርታ ሴቶች እንደ ሱዳኖች ሰውነታቸውን የሚጠቀልል ቀለም ያሸበረቀ ረጅም ጨርቅ ለብሰው ዕቃቸውን ዘርግተዋል። ማሽላ፣ ዝንጅብል፣ ማር፣ የደረቀ ባሚያ። ባሚያውን በርታዎች ከንከሴ ይሉታል። ደርቆ፣ ተፈጭቶ ወጥ ይሆናል፤ በማሽላ ገንፎ ይበላል። አንዲት እናት በቅል ጥቂት አስቀምጠው፣ «ብላ፣ እንግዳ አይደለህ» አሉኝ። ወጡ ይሳባል፣ ይለሰልሳል፤ ገንፎው ደግሞ ጠንከር ያለ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም። ዋጋ ልከፍል ስል እጄን መለሱት።

ወርቁስ? ወርቁ አለ። የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ገዥ ሲያስጎመጅ ኖሯል። የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው ለወርቅም ለባሪያም ብሎ ነው፤ በኋላም ራሱ በእርጅናው እስከ ፋዙግሊ ድረስ ወርቁን ፍለጋ መጥቷል። ወርቁ ግን በተራራ ተከምሮ አልጠበቀውም። ዛሬም እናቶች ወንዝ ዳር ተንበርክከው አሸዋውን በእንጨት ገበታ እያጠቡ፣ እያሽከረከሩ፣ ውኃውን እየደፉ ነው የሚያገኙት። ገበታው ላይ አሸዋው ሁሉ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጥቁር ደለል ይቀራል፤ በጥቁሩ ጠርዝ ላይ የጤፍ ፍሬ የማታህል ቢጫ ነጥብ። ይኸው ነው ወርቁ። ለዚያች ነጥብ ጦር ዘምቷል።

ቤኒሻንጉል የሚለው ስምስ ከየት መጣ? ከድንጋይ። በበርታ ቋንቋ ቤላ ድንጋይ ነው። ቤላ ሻንጉል በመንጌ አካባቢ በተራራ ላይ የሚገኝ የተከበረ ድንጋይ ነው፤ ስሙ በዓረብኛ ተናጋሪው አፍ ቤኒ ሻንጉል ሆነ፤ አገሩ ሁሉ ተጠራበት። ሸጎሌን ታስታውሱ የለም? እዚያ የሰው ስም ሰፈር ሆነ፣ እዚህ የድንጋይ ስም አገር ሆነ። ከአሶሳ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ቤል ቁርቁሙ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። የስፔን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው የኋለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያ አግኝተውበታል፤ ውጤቱንም በ2007 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሰው በዚህ ምድር ላይ ጥንትም ነበር።

*

ኅዳር 29 ደረሰ። ስታዲየሙ ሞላ። የሆነውን ሁሉ ብነግራችሁ ይመሻል። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው በሚዛን ሲራመዱ አየሁ። የሽናሻዎቹን ጭፈራ አየሁ፤ የዘመን መለወጫቸውን ጋሪ ዎሮ እንዴት እንደሚያከብሩ አንድ መምህር አጫወተኝ። ከደቡብ፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከትግራይ የመጣውም ተራ በተራ አለፈ። ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ነበረው።

ዋዛውም ወጣ። በድምፅ ማጉያው ተነፋ፣ ተጨበጨበለት፣ አለፈ። እኔ ግን አልጠገብኩም። አንድ የአሶሳ ልጅ ፊቴን አይቶ፣ «እውነተኛውን ለመስማት መንደር መሄድ አለብህ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከከተማው ብዙም ወደማይርቅ መንደር ይዞኝ ሄደ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ።

በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ፣ ዋዛዎቹ ተደርድረዋል። ትንሹ እንደ ክንድ ነው፤ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል። የሚሠሩት ከቅል ነው። ቅሉ ጫፉና ታቹ ተቆርጦ ቀፎ ይሆናል፤ የአንዱ ጠባብ አፍ በሌላው ሰፊ አፍ እየተሰካ፣ መጋጠሚያው እየተጠፈረ ይረዝማል። ጫፉ ጡሩምባ መስሎ ይከፈታል። አንዱን አነሳሁት። እንዲያ ረዝሞ ላባ ያህል ነው የሚቀለው። ውስጡን ስመለከት በጭስ የጠቆረ ቅል ብቻ ነው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ። «አባባ፣ ልንፋው?» አልኳቸው።

«ንፋው ልጄ።»

ነፋሁት። አንድ ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚመጣ። ሌላ ድምፅ ላወጣ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።

«አንድ ብቻ ነው ያለው» አሉኝ። «ሁሉም አንድ አንድ ነው ያላቸው። ዘፈኑ እዚህ ውስጥ የለም» ብለው መለከቱን ነካ አደረጉት። «ዘፈኑ እዚህ ነው» ብለው በሰዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በጣታቸው ዞሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋዛ ቡድን አሥር ወይም አሥራ ሁለት መለከት አለው። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። አንዱ «ቡ» ሲል ሌላው ዝም ይላል፤ እርሱ ዝም ሲል ሦስተኛው ይቀበለዋል። የሁሉም አንድ አንድ ድምፅ በየተራው እየገባ ዜማ ይሆናል። አንድም ሰው ዜማውን ለብቻው አይጫወትም፤ አንድም ሰው ለብቻው ሊወስደው አይችልም። የጀርመኑ የሙዚቃ ሊቅ አርቱር ሲሞን ይህን የበርታዎች አነፋፍ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን በኩል ቀርጾ አጥንቶታል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። የእኛ አባቶች ግን በአንድ ተረት ጨርሰውታል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ነፊዎቹ ተነሱ። ክብ ሠሩ። ትከሻቸው ላይ ያጋደሙትን ባላ እንጨት በቀንድ እየመቱ ምቱን ያዙ። ትንንሾቹ ጀመሩ፤ ታላላቆቹ ከሥር ገቡ። ክቡ ቀስ ብሎ መዞር ያዘ። መሬቱ ራሱ የሚያጉረመርም መሰለኝ። ሴቶቹ ተነሱ፣ ከኋላ ተከትለው በድምፃቸው ገቡበት። ልጆች ሮጡ።

ጥቂት እንደቆየ ጆሮዬ አንድ ነገር ያዘ። ዜማው በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይሰነክላል። አንድ ጥርስ የወለቀበት ሰው ሲናገር እንደሚሆነው ሁሉ፣ አየሩ ሾልኮ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ምንጣፉን አየሁ። አንድ ዋዛ ሳይነሳ ቀርቷል።

አጠገቤ የቆሙት እናት ደግሞ ዜማው እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር አፋቸውን ገጥመው «እም» ይላሉ። ልክ በክፍተቱ ላይ። የቀረውን ድምፅ በአፋቸው እየሞሉት ነበር።

ሲያልቅ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። «የዚህ ባለቤት የት ነው?»

«ማዶ ነው» አሉኝ። በእጃቸው ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ አመለከቱ። «መምጣት ሳይችል ቀረ።»

*

ያ «ማዶ» የተሠራው ሜይ 15 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ቀን ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ተዋዋሉ፤ መሥመሩ በበርታዎች መካከል አለፈ። በዚያው ውል ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ በዓባይ ላይ ውኃውን የሚገታ ሥራ ላለመሥራት ቃል የገቡበት አንቀጽም አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በዚሁ ክልል ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ። እኛ በ2007 አሶሳ በነበርንበት ጊዜ ገና ኮንክሪቱ ይሞላ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 145 ሜትር፣ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ከኋላው የተኛው ሐይቅ ንጋት ይባላል። ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው። ሁሉም አንድ አንድ ብር፣ አንድ አንድ ቦንድ አዋጥቶ የሠራው ነውና፣ እኔ እንደ ዋዛ ነው የማየው፤ በአማርኛው ሳይሆን በበርታው።

ሰዎቹ ግን እንደ ግድቡ አልጸኑም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺ፣ በመተከል፣ በወለጋ በደረሰው ግጭት ስንት ሰው ሞተ፣ ስንቱ ቀየውን ጥሎ ሄደ። እኔ በቡና ጣዕም ያለፍኩበት መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። በማዶ ደግሞ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተነሳ፤ ሕዝቡ በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን ፈለሰ። በባምባሲና በሸርቆሌ ቀድሞም ስደተኞች ነበሩ፤ አሁን በዝተዋል። ያ ዋዛው ሳይነሳ የቀረበት ሰውዬ ዛሬ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ይህን ጊዜ ድንበሩን አቋርጦ ገብቶ፣ ከዚያ ምንጣፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ብዙ ሰው ወደ ክብረ በዓል ሲሄድ የሚያስበው ስለ መድረኩ ነው። መድረኩ ግን የመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ነው። አስቴር ጋኖ የጻፈችው፣ ሃጫሉ ያዜመው፣ እናቲቱ በገንፎ ያጎረሱኝ፣ በገበታ ጠርዝ ላይ የቀረችው ቅንጣት ወርቅ፤ ሁሉም አንድ አንድ ድምፅ ነው። በመንገዱ ላይ በየተራው ካልሰማነው መድረክ ላይ ስንደርስ የምንሰማው ጩኸት ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ አሶሳን እዩ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ በምድር መሄድ ካልተቻለ በአየር ሂዱ፤ ሰላም ሲሆን ግን በምድር ሂዱ። አዲስ ዓለም ላይ ቁሙ፤ ነቀምቴ እደሩ፤ ጊምቢ ቡና ጠጡ፤ ዳቡስ ላይ ወርዳችሁ አየሩን ተንፍሱት። አዝመራው በሚሰበሰብበት ወቅት ድረሱ። በስታዲየም የሰማችሁት አይበቃችሁም፤ መንደር አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ ዋዛው ሲነፋ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ።

ጆሯችሁን ደግሞ ክፍተቱ ላይ ጣሉት። ዜማው የሚሰነክልበት ቦታ ካለ፣ አንድ ሰው ከቤቱ ርቋል ማለት ነው። እርሱ እስኪመለስ ድረስ፣ እንደዚያች እናት አፋችሁን ገጥማችሁ ቦታውን ጠብቁለት።